ኡሙ አይመን፦ ሐበሻዊቷ አስታማሚ

ወሎ ውስጥ በየትኛውም ሆስፒታል የሴቶች መኝታ ክፍል በር ላይ ቆሞ ፋጡማ ሙሐመድ ብሎ የተጣራ ሰው ቢያንስ ሁለት አቤት መስማቱ አይቀርም፤ የአገሩ ስም ነውና። እናቴም ከነዚያ ፋጡማዎች አንዷ ናት። ከጥቂት ዓመታት በፊት ትኩሳትና ሳል አላስቆም አላስቀምጥ ቢላት ከሐራ አንሥተን፣ ስሙን መጥራት ወደማልፈልገው አንድ ሆስፒታል አስገባናት። ከእርሷ ሦስተኛው አልጋ ላይ የመርሳ አካባቢ ሌላ ፋጡማ ሙሐመድ ተኝታ ነበር። አንድ ማለዳ ነርሷ የተሞላ መርፌ ይዛ ገባችና ስሙን ጠራች። እናቴ ሰው አክባሪ ናት፤ ገና ከእንቅልፏ በቅጡ ሳትነቃ አቤት ብላ ክንዷን ዘረጋች።

እኔ አጠገቧ ነበርኩ። የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ አለኝ፤ እንጀራዬም መጠየቅና መጻፍ ነው። በዚያች ቅጽበት ግን ምንም አልጠየቅሁም። የጠየቀችው ፊደል ያልቆጠረችው አክስቴ ናት። ይህ መርፌ የሐራዋ ፋጡማ ነው ወይስ የመርሳዋ ስትል ነርሷን በእርጋታ ጠየቀቻት። ነርሷ ቸኩላ ነበርና መልስ ሳትሰጥ ልትቀጥል ስትል አክስቴ ጥያቄዋን ደገመች። እኔ ደግሞ፣ አላህ ይቅር ይበለኝና፣ ሥራቸውን ይሥሩበት፣ አታስቸግሪ ብዬ አክስቴን ገሠጽኳት። እርሷ ግን እጇን በእናቴ ክንድ ላይ እንዳሳረፈች፣ እኅቷ ከብዙ ዓመት በፊት ፔኒሲሊን ተወግታ ፊቷ አብጦ ትንፋሽ አጥሯት እንደነበር ለነርሷ ነገረቻት። እኔ ልጇ ይህን አላውቅም ነበር። ነርሷ ተመልሳ ካርዱን ስታይ መርፌው የመርሳዋ ሴት ሆኖ ተገኘ። መድኃኒቱም ያው ፔኒሲሊን ነበር።

ነርሷን ልወቅስ አይደለም። ሌሊቱን ሙሉ ያንን ሁሉ በሽተኛ ብቻዋን ስትጠብቅ ያደረች ልጅ ናት፤ ስሕተቷን ባየች ጊዜም ዕንባዋ መጣ። የምወቅሰው ራሴን ነው። በዚያው ዕለት ማታ በሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ጋቢዬን ተከናንቤ ቁጭ ብዬ ሳለሁ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ በመድረሳ የሰማሁት የአንዲት ሐበሻዊት ታሪክ ወደ ሐሳቤ መጣ። ስሟ በረካ ቢንት ሰዕለባ ይባላል፤ ዓለም የሚያውቃት ግን ኡሙ አይመን (ረ.ዐ) በሚለው ስሟ ነው። እኛ ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች ስለ ቢላልና ስለ ነጃሺ ስናወራ አንደክምም። ይህችን ሴት ግን እናውቃታለን እያልን የነቢዩ ሞግዚት ነበረች ከሚለው አልፈን አንሄድም። እኔ ከዚያ ሌሊት ወዲህ ሕይወቷን በሌላ ዓይን አነባለሁ። ይህች ሴት ዕድሜዋን ያሳለፈችው በሕመምተኛ፣ በቁስለኛና በሐዘንተኛ አጠገብ ነው።

በረካ በመካ የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አባት የአብዱላህ አገልጋይ ነበረች። አብዱላህ ልጃቸው ሳይወለድ በፊት ሞቱ። አሚና በወለዱ ጊዜ ሕፃኑን በማሳደግ አብራቸው የደከመችው ይህችው ሐበሻዊት እንደሆነች ኢማም ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ተወስቷል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የስድስት ዓመት ልጅ ሳሉ እናታቸው አሚና ያኔ የስሪብ ትባል ወደነበረችው መዲና የአባታቸውን ዘመዶች ሊያስጠይቋቸው ይዘዋቸው ተጓዙ። በረካም አብራ ነበረች። ኢብኑ ሰዕድ እንደዘገቡት ጉዞው በሁለት ግመሎች ነበር፤ እዚያም አንድ ወር ያህል ቆዩ። ሲመለሱ በመካና በመዲና መካከል አብዋእ በተባለ ስፍራ አሚና ታመሙ። በዚያውም ሞቱ።

እስቲ አንባቢ ሆይ፣ ይህን ቦታ ቶሎ አትለፈው። በረሃ ነው። ሐኪም የለም፤ ዘመድም የለም። አንዲት ሴት ትሞታለች፤ አንድ የስድስት ዓመት ሕፃን ያያል። ከሁለቱ ጋር ያለችው አንዲት አገልጋይ ብቻ ናት። በዘመኑ ሕግ የሰው ንብረት የሆነች፣ ከአገሯ የራቀች፣ አፏን በአረብኛ በቅጡ ያልፈታች ሴት። ሟቿ ከተቀበሩ በኋላ ሕፃኑን ይዛ፣ በመጡባቸው በነዚያው ሁለት ግመሎች፣ የቀረውን መንገድ ሁሉ ተጉዛ መካ ለአያታቸው ለአብዱል ሙጦሊብ አስረከበች። ስለዚያ ጉዞ የታሪክ ጸሐፍት ብዙ አላሰፈሩም። በመንገድ ላይ እናቱን ቀብሮ ለሚሄድ ሕፃን ምን ይባላል? እኔ እንደምገምተው ብዙም የምትለው አልነበራትም፤ አብራው ነበረች፤ አበላችው፤ አጠጣችው፤ ሌሊት ሲባንን ደረቷ ላይ አስተኛችው። ነቢዩ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከእናታቸው ቀጥላ እናታቸው እንደሆነች ይናገሩላት እንደነበር ተዘግቧል፤ እንዲህ ያለ ማዕረግ የሚገኘው እንደዚያ ባለ መንገድ ላይ ይመስለኛል።

ዛሬ በኛ ሆስፒታሎች ውስጥ ለበሽተኛው አካል ሐኪም አለ፤ መድኃኒት ይብዛም ይነስም ይገኛል። ለልቡ ያለው ግን ብዙ ጊዜ አስታማሚው ብቻ ነው። ይህን ስል ጠያቂ የለም ማለቴ አይደለም። ጠያቂማ ሞልቷል! ወሎ የደግ አገር ነው፤ አንድ ሰው ታመመ ሲባል ከሐራም ከመርሳም መኪና ተኮናትሮ ይመጣል። ነገር ግን አሥራ አምስት ሰው በአንድ አልጋ ዙሪያ ሲቆም በሽተኛው አየር ያጣል፤ የማያውቀውን ጉንፋን ይቀበላል፤ ዕረፍቱን ይነጠቃል። ከሁሉም የሚያስገርሙኝ ደግሞ አልጋው ራስጌ ቆመው እገሌ የሞተው በዚሁ በሽታ ነው እያሉ የሚተርኩት ናቸው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በሽተኛን መጠየቅ የሙስሊም በሙስሊም ላይ ያለ ሐቅ መሆኑን አስተምረዋል፤ እርሳቸው ሲጠይቁም ዱዓ አድርገው፣ ምሕረቱን ተመኝተውና አጽናንተው ነው። ሊቃውንትም በሽተኛው ዘንድ ቆይታን ማሳጠር ከአደቡ እንደሆነ ጽፈዋል። ወዳጃውም፣ ዱዓውም፣ ቡናውም መልካም ነው፤ ለበሽተኛው ትንፋሽ እስከተረፈለት ድረስ።

ወደ በረካ ልመለስ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ኸዲጃን (ረ.ዐ) ባገቡ ጊዜ በረካን ነፃ አወጧት። ከዚያም ዑበይድ የተባለ ሰው አገባችና አይመን የተባለ ልጅ ወለደች፤ ኡሙ አይመን የተባለችውም በዚህ ልጅ ነው። ባሏ ሞተባት። ኋላ ዘይድ ኢብኑ ሓሪሳ (ረ.ዐ) አገቧት፤ ኡሳማንም (ረ.ዐ) ወለደች። ኢስላምን ከተቀበሉት የመጀመሪያዎቹ መካከል ነበረች።

በ622 (እ.ኤ.አ) ገደማ ስደት ሲሆን ወደ መዲና ተጓዘች። ኢብኑ ሰዕድ በዘገቡት መሠረት በመንገድ ላይ ጾመኛ ነበረች፤ ውኃም አልያዘችም። ጥሙ ሊገድላት በተቃረበ ጊዜ ከሰማይ የወረደላትን ውኃ ጠጣች፤ ከዚያ ወዲያ በሞቃት ቀን ብትጾምም ጥም አልተሰማትም ይባላል። ይህን ታሪክ የማነሣው በምክንያት ነው። በረመዳን ሐራን በመሰለ ቆላ፣ ስኳር በሽታ ያለባቸው ወይም ወባ ያነደዳቸው አዛውንት ክኒናቸውን ትተው እንዲህ ያሉትን ታሪኮች እየጠቀሱ ሲጾሙ አይቻለሁ። የአላህ ችሮታ ለኡሙ አይመን ነው፤ ለእኛ የተሰጠን ደግሞ በሱረቱል በቀራ የተደነገገው፣ በሽተኛ አፍጥሮ በሌላ ቀን እንዲያወጣ የሚፈቅደው ግልጽ ሕግ ነው። ሕመሙ የማይድን ከሆነም ሚስኪን ማብላት አለለት። አላህ የሰጠንን ፈቃድ አልቀበልም ብሎ ራስን መጉዳት ዲን አይደለም። ወባን ካነሣሁ አንድ ነገር ልጨምር፦ ኳርተም በሦስት ቀን ስድስት ጊዜ የሚወሰድ መድኃኒት ነው። በኛ ሰፈር ግን በሁለተኛው ቀን ትኩሳቱ ሲበርድ የተረፈውን ለሚቀጥለው ሕመም ብሎ ሳጥን ውስጥ ማስቀመጥ ልማድ ሆኗል። ያልተጨረሰ መድኃኒት በሽታውን አያስጥልም፤ ይመለሳል።

እንግዲህ ኡሑድ ደረሰ፤ ሦስተኛው ዓመተ ሂጅራ፣ እ.ኤ.አ 625። በዚያን ዕለት ኡሙ አይመን ዕድሜዋ የገፋ ሴት ነበረች። ወጣቶቹ እንኳ በሸሹበት ቀን ይህች አሮጊት የውኃ አቁማዳ ተሸክማ ከቁስለኛ ቁስለኛ ትመላለስ ነበር፤ የተጠማውን ታጠጣለች፤ የቆሰለውን ታክማለች። አልዋቂዲ እንደተረኩት ከጠላት ወገን አንዱ ቀስት ወርውሮ መታትና ልብሷ ተገለጠ፤ ሰውዬውም ሳቀባት። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ይህን አይተው ለሰዕድ ኢብኑ አቢ ወቃስ (ረ.ዐ) ቀስት ሰጧቸውና ሰውዬውን መቱት። ይኸው ጸሐፊ እንደሚለው ከጦር ሜዳ የሚሸሹትን ወንዶች ፊታቸው ላይ አፈር እየበተነች፣ እንዝርቱን ውሰዱና ሰይፉን ለእኔ ስጡኝ ትላቸው ነበር። ቁስለኛ ትታ የምትሄድ ሴት አልነበረችም።

በዚያን ቀን የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ፊት ቆስሎ፣ ጥርሳቸውም ተሰብሮ ነበር። ልጃቸው ፋጢማ (ረ.ዐ) ደሙን ስታጥብ ዐሊ (ረ.ዐ) በጋሻ ውኃ ያፈሱ እንደነበር ቡኻሪ ዘግበዋል። ውኃው ደሙን እንደማያቆመውና እንዲያውም እንደሚያበዛው ባየች ጊዜ፣ ማጠቡን ትታ ከሰሌን ቁራጭ አቃጠለችና አመዱን ቁስሉ ላይ አደረገች፤ ደሙም ቆመ። እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስተውል። ፋጢማ አባቷን እያከመች ዓይኗ ሥራው ላይ ነበር። የጀመረችው ነገር እንዳልጠቀመ አይታ ተወችው፤ በእጇ ያለውን የተሻለውን ያዘች። ዛሬ ንጹሕ ፋሻ እያለ ቁስል ላይ አመድ ወይም ሌላ ነገር የሚነሰንስ ሰው ከዚህ ታሪክ አመዱን ይዞ ዋናውን ጥሏል፤ የእርሷ ማስተዋል ነው ሊወረስ የሚገባው።

ኡሙ አይመን ብቻዋንም አልነበረችም። ኡሙ ዐጢያ (ረ.ዐ) በሰባት ዘመቻዎች ተከትላ ሕሙማንን ታስታምም፣ ቁስለኞችንም ታክም ነበር። በኸንደቅ ጦርነት፣ እ.ኤ.አ 627፣ ሰዕድ ኢብኑ ሙዓዝ (ረ.ዐ) በቆሰሉ ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በቅርብ ሆነው ይጠይቋቸው ዘንድ በመስጊዳቸው ድንኳን እንዲተከልላቸው አደረጉ፤ ቁስለኞችን ታክም የነበረችው ሩፈይዳ ትባላለች። መስጊድና ማከሚያ በአንድ ግቢ ውስጥ! ኡሙ አይመንም ኋላ በኸይበር፣ እ.ኤ.አ 628፣ ከዘማቾቹ ጋር ነበረች።

በዚህ ዘመን የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከአሥር ታካሚዎች አንዱ ያህል በሕክምናው ሂደት ራሱ ጉዳት ይደርስበታል፤ ከዚህም ጉዳት ከግማሽ በላይ የሚሆነው ሊወገድ የሚችል ነው። ከ2019 (እ.ኤ.አ) ጀምሮ ሴፕቴምበር 17 ቀን የታካሚዎች ደኅንነት ቀን ሆኖ ይውላል። በ2023 የቀኑ መሪ ሐሳብ ታካሚውና ቤተሰቡ በሕክምናው ተሳታፊ ይሁኑ የሚል ነበር። ይህን ሳነብ አክስቴ ትዝ አለችኝና ሣቅሁ። ትልቁ ድርጅት በጉባኤ የደረሰበትን እርሷ በአንድ ማለዳ አድርጋው ነበር። ያደረገችው ምንድን ነው? የበሽተኛዋን ማንነት አረጋገጠች፤ መድኃኒቱ የማን እንደሆነ ጠየቀች፤ ከዚህ በፊት ምን መድኃኒት እንደጎዳት አስታውሳ ተናገረች። ገሥጸው ዝም ሊያሰኟት ሲሞክሩም ዝም አላለችም። እጅን መታጠብ ደግሞ ለእኛ አዲስ ትምህርት አይደለም፤ ለሶላት በቀን አምስት ጊዜ ውዱእ የሚያደርግ ሕዝብ በሽተኛውን ከመንካቱ በፊት እጁን ታጠብ ሲባል ቅር ሊለው አይገባም። ሐኪሙም ሳይታጠብ ሲቀርብ በትሕትና ማስታወስ ነውር አይደለም።

ነውር የምንለው ግን ይህንኑ ነው። እኛ የተማርነው በተለይ። ነጭ ጋወን ፊት ስንቆም የተማርነውን ሁሉ እንረሳለን፤ መጠየቅ ድፍረት፣ ዝምታ ጨዋነት ይመስለናል። ኡሙ አይመን እንዲህ ዓይነት ጨዋነት አልነበራትም። ሙስሊም እንደዘገቡት አንድ ቀን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሊጠይቋት ሄደው መጠጥ አቀረበችላቸው፤ ጾመኛ ሆነውም ይሁን ሳያሰኛቸው ቀርቶ ባይቀበሏት ጊዜ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ተቆጣቻቸው። የአላህን መልእክተኛ! ልጇ ናቸዋ፤ ያሳደገች እናት ምግብ አልበላም ሲባል እንዴት እንደምትሆን ሁላችንም እናውቃለን። አረብኛዋም እስከ መጨረሻው አልቀናላትም፤ ሰላምታውን ስትሰጥ ቃሉን ታዛባው ነበርና ነቢዩ ሰላም ብቻ እንድትል ፈቀዱላት ይባላል። አንደበቷ ባይቀናም መናገሯን አልተወችም።

ስለ ልብ ሕመም ከሕይወቷ የምወደው ነሳኢ የዘገቡት አንድ ታሪክ አለ። ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቤተሰብ አንዲት ሕፃን ልታርፍ በምታጣጥርበት ጊዜ አንሥተው አቀፏት፤ በእጃቸው ላይም ነፍሷ ወጣች። ኡሙ አይመን አለቀሰች። ነቢዩ እርሳቸው እያሉ እንዴት እንደምታለቅስ ቢጠይቋት፣ እርሳቸው እያለቀሱ እርሷ ለምን እንደማታለቅስ መልሳ ጠየቀቻቸው። እርሳቸውም የዓይናቸው ዕንባ የማማረር ልቅሶ ሳይሆን እዝነት መሆኑን አስረዷት። ዕንባ የኢማን ጉድለት ነው እያልን በሽተኛውንም አስታማሚውንም እንዲታመቅ የምናደርግ ሰዎች ይህን ሐዲስ ብናስታውሰው መልካም ነበር። ሙሾና ፊት መንጨት ሌላ፣ ዕንባ ሌላ።

የራሷም ዕንባ ብዙ ነበር። ባሏ ዘይድ በሙእታ፣ እ.ኤ.አ 629፣ ልጇ አይመን በዓመቱ በሑነይን ተሰው። በ632 ያሳደገቻቸው ነቢይ (ሰ.ዐ.ወ) አረፉ። ከዚያ በኋላ አቡበክር (ረ.ዐ) ነቢዩ ይጠይቋት እንደነበረው ሁሉ እኛም እንጠይቃት ብለው ዑመርን (ረ.ዐ) ይዘው ወደ ቤቷ ሄዱ። አቡበክር የዚያን ጊዜ የሙስሊሞች መሪ ናቸው፤ የሚያስጨንቅ ስንት ጉዳይ ነበረባቸው። ባዩዋቸው ጊዜ አለቀሰች። አላህ ዘንድ ያለው ለመልእክተኛው የተሻለ መሆኑን ሊያጽናኗት ቢሉ፣ እርሱንማ እንደምታውቅ፣ የምታለቅሰው የሰማይ ራዕይ በመቋረጡ እንደሆነ ነገረቻቸው። ሁለቱም ሰዎች ከእርሷ ጋር አለቀሱ። ሊያጽናኑ ሄደው ምክራቸውን ትተው ከሐዘንተኛዋ ጋር ተቀመጡ።

ነቢዩ ካረፉ ከአምስት ወር በኋላ እንደሞተች ኢብኑ ሺሃብ ተናግረዋል፤ እስከ ዑስማን (ረ.ዐ) ዘመን ኖራለች የሚሉም አሉ። ልጇ ኡሳማ ገና በወጣትነቱ ታላላቅ ሰሀቦች ያሉበትን ጦር መርቷል።

እናቴ ከአሥራ አንድ ቀን በኋላ ድና ከሆስፒታል ወጣች። በወጣንበት ቀን ሐኪሙ መድኃኒቶቿንና ፔኒሲሊን እንደማይስማማት የሚገልጽ ወረቀት ጽፎ፣ ማንበብ የምችለው እኔ ነኝና ለእኔ ሰጠኝ። ከወልድያ ወደ ሐራ በምንወርድበት መኪና ውስጥ አክስቴ ወረቀቱን ጠየቀችኝ። ዐጥፋ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው። እስከ ዛሬም ያለው እርሷ ዘንድ ነው፤ ደጋግሜ ብጠይቃት አልሰጠችኝም።